እማማ አልወደቁም

የእማማ እጅ ሥራ ይዟል። ከአልጋው የወረደው ፍራሽ ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ግማሹ ጭናቸው ላይ ተጋድሟል፤ እሳቸውም የተተረተረውን ጠርዙን በወፍራም መርፌ ይሰፋሉ። መርፌው ገብቶ በወጣ ቁጥር ግራ እጃቸው ላይ የታሰረው ነጭ የፕላስቲክ አንባር አረንጓዴ ብልጭ ይላል፤ ብልጭ ባለ ቁጥር እማማ ይገላምጡታል። አንባሩን የሠራችው የልጅ ልጃቸው ናት። ምህንድስና ትማራለች፤ ኪሷ ከሽቦ ተለይቶ ስለማያውቅ በቤትም በሰፈርም ሽቦ ይሏታል። የምታድረው ኮሌጁ ማደሪያ ነው፤ ዛሬ ግን ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ አያቷ ቤት ተቀምጣለች። ክርክሩ ከምሳ በፊት የጀመረ ነው፤ አንባሩ በየትኛው እጅ ይታሰር የሚል።

እማማ፦ በቀኝ እጄ ይሁን ብል ምን ነውር አለው?

ሽቦ፦ በቀኝ እጅዎ መርፌ ይይዛሉ እማማ። መርፌው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አንባሩ የወደቁ ይመስለዋል።

እማማ፦ በግራዬስ ምን የምሠራ መስሎሽ ነው፣ ሰላምታ የምሰጥ? ፍራሹን ወጥሮ የያዘው ማን ሆነና።

ሽቦ፦ ቢሆንም ግራው ይሻላል። መጽሐፉም የሚለው እንደዚያ ነው።

እማማ፦ የቱ መጽሐፍ?

ሽቦ፦ ባለፈው ያነበቡት።

እማማ፦ እኔ ባነበብኩት ገጽ ላይ ስለ ግራና ቀኝ የተጻፈ የለም።

ሽቦ፦ እርስዎ ያነበቡት ማውጫውን ነው።

እማማ፦ ማውጫ ማንበብ ቀላል መሰለሽ? ፊደሉ ከቁጥር ጋር ተደባልቆ፣ መሃሉ ነጠብጣብ ብቻ።

[እማማ ፊደል የቆጠሩት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው፤ ከጎልማሶች ክፍል ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው። ከዚያ ወዲህ በፊታቸው ያለፈ ጽሑፍ ሳይነበብ አልቀረም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የአውቶቡስ ጎን። የልጅቱን መጽሐፍም ስለጀመሩት ምህንድስናን ግማሽ መንገድ የሄዱበት ያህል ይሰማቸዋል።]

ሽቦ፦ እማማ፣ የእጁን ነገር እንተወው። ነገ ጠዋት ሦስት አስተማሪዎች ፊት እቆማለሁ። አዛውንት ሲወድቁ ለይቶ ለቤተሰብ የሚደውል አንባር ሠራሁ ልላቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው።

እማማ፦ አውቃለሁ። እኔም አብሬሽ ለፍቻለሁ፤ እጄን ሰጥቻለሁ።

ሽቦ፦ በዚህ ሳምንት አራት ጊዜ "አያትሽ ወድቀዋል" ብሎ ደወለልኝ። አራቱንም ጊዜ ስመጣ እንደ እመቤት ተቀምጠዋል።

እማማ፦ እንዴት ልቀመጥልሽ ኖሯል?

ሽቦ፦ አልወደቁም አይደል?

እማማ፦ እኔ? መቼ ወድቄ አውቃለሁ።

ሽቦ፦ እንግዲያው ማሽኑ ዋሽቷል። የሚዋሽ ማሽን ይዤ ብቀርብ ይጥሉኛል። ከጣሉኝ ዓመቱን እደግማለሁ።

[የእማማ መርፌ ፍራሹ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ዓመት መድገም የሚለውን አልጠበቁትም። እሳቸው የሚያውቁት አንባሩ ሲደውል ልጅቱ መምጣቷን ነው። ደውሎ ከመጣች ማሽኑ ሠርቷል፤ ታዲያ ምን ጎደለ?]

እማማ፦ ቆይ እስቲ። ደወለ አይደል?

ሽቦ፦ ደወለ።

እማማ፦ አንቺም መጣሽ።

ሽቦ፦ መጣሁ። ከቤተ ሙከራ እግሬ አውጪኝ ብዬ።

እማማ፦ ታዲያ ሥራውን ሠራ እኮ። ሂጂና እንዲህ በያቸው፤ ደወለ፣ መጣሁ፣ አያቴ ደህና ናት። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ፣ እንድሰበርላቸው?

ሽቦ፦ ሳይወድቁ ወድቀዋል ካለ ስህተት ነው።

እማማ፦ ትንሽ ስህተት። እኔ ለን ከሰ ጋር ስንት ጊዜ ሳምታታ አስተማሪዬ ይቅር ብሎኛል። ልዩነቷ አንዲት አንገት ናት።

ሽቦ፦ አራት ጊዜ ደውሎ አራቱንም መሳሳት ትንሽ አይደለም።

እማማ፦ እንግዲያው ያስተማርሽው አስተማሪ ነው ጥፋተኛው። ማሽን የሚማረው ከምሳሌ ነው ይላል መጽሐፍሽ። ይኼን ማውጫው ላይ አይደለም ያነበብኩት፤ ውስጥ ገብቼ ነው። ምን ምሳሌ አሳየሽው?

ሽቦ፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን። ለተማሪ በነፃ የሚሰጥ መረጃ አለ። ሰዎች አንባር አስረው ሲሄዱ፣ ሲቀመጡ፣ ሲወድቁ የተመዘገበ።

እማማ፦ የወደቁት እነማን ናቸው?

ሽቦ፦ ፈቃደኛ ወጣቶች። ስፖንጅ ላይ።

እማማ፦ ፈቅደው ወደቁ?

ሽቦ፦ ለምርምር ነው። አበልም ያገኛሉ።

እማማ፦ ለመውደቅ አበል። እኔ እዚህ በነፃ።

ሽቦ፦ በነፃ ምን?

እማማ፦ በነፃ ቆሜ።

[ሽቦ ቀና ብላ አየቻቸው። እማማ ፍራሹ ላይ አቀረቀሩ።]

ሽቦ፦ ችግሩ አሮጊት የወደቀችበት መረጃ አለመገኘቱ ነው። አሮጊት ጥሎ የሚመዘግብ የለማ።

እማማ፦ አሮጊት አልሽ?

ሽቦ፦ አዛውንት።

እማማ፦ እንደዚያ በይ። ካስፈለገ ነገ አብሬሽ ልምጣ። አስተማሪዎቹ ፊት አንዴ ዘፍ እልላቸዋለሁ፤ አንባሩም ይጮኻል፣ አንቺም ታልፊያለሽ፣ በጊዜ ቤታችን እንገባለን።

ሽቦ፦ እርስዎን አዳራሽ መሃል ጥዬ ዲግሪ አልቀበልም።

እማማ፦ የምወድቀው እኔ፣ የምታፍሪው አንቺ። ይሁን። እንግዲያው ጥፋቱ ከቤቱ ነው። ይኼን የፕላስቲክ ቤቱን በምን ሰፋሽው?

ሽቦ፦ አልተሰፋም፤ ታትሞ ነው።

እማማ፦ ዕቃ ይታተማል?

ሽቦ፦ ኮሌጃችን አንድ ማሽን አለ። ፕላስቲኩን ያቀልጥና እንደ ክር እያወጣ አንዱን ዙር በአንዱ ላይ ይደራርበዋል።

እማማ፦ ዳንቴል በይኛ።

ሽቦ፦ እንደ ዳንቴል።

እማማ፦ ታዲያ ማሽንሽ እጀ ሻካራ ነው። ጠርዙ ይኸው ቆዳዬን ፈግፍጎታል። እኔ ብሠራው ዙሪያውን ልስልስ አድርጌ እጨርስልሽ ነበር።

ሽቦ፦ እማማ፣ አሁን ስለ ጠርዝ አይደለም የምናወራው። እስቲ ሰኞ ዕለት እንዴት እንደተቀመጡ ያሳዩኝ።

እማማ፦ መቀመጥም ይታያል?

ሽቦ፦ ያሳዩኝ።

[እማማ መርፌውን ፍራሹ ላይ ሰክተው ተነሱ። ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ እንቁላል እንደሚታቀፍ ሰው ቀስ ብለው አረፉበት። አንባሩ ዝም።]

ሽቦ፦ አልደወለም።

እማማ፦ ሰው ሲያየው ያፍራል።

ሽቦ፦ ማሽን አያፍርም።

እማማ፦ እኔ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስወጣ የማውቀው ፊደል ሁሉ ይጠፋኝ ነበር። ይማራል ብለሻል፤ የሚማር ሁሉ ያፍራል።

ሽቦ፦ ትንሽ ጠንከር አድርገው ይቀመጡ።

[እማማ ተነስተው ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጥ አለ። አንባሩ አሁንም ዝም።]

ሽቦ፦ ለምን ዝም እንዳለ ልንገርዎት? ከሰኞ በኋላ በትንሽ በትልቁ እንዳይጮኽ አለዝቤዋለሁ።

እማማ፦ አውቃለሁ።

ሽቦ፦ በምን አወቁ?

እማማ፦ [ወደ ፍራሹ ቶሎ እየተመለሱ] ነግረሽኛል።

ሽቦ፦ ለማንም አልነገርኩም።

እማማ፦ በፊትሽ ነግረሽኛል። ፊት አነባለሁ እኔ፤ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ።

ሽቦ፦ ካለዘብኩት በኋላ ማክሰኞ እንደገና ደወለ። ያውም ከሰኞው በጣም የጠነከረ። እንደገና አለዘብኩት። ሐሙስ የባሰ መጣ። ስክሪኑ ላይ ይኼን መስመር ይዩት፤ ሰኞ ጉብታ ነው፣ ማክሰኞ ኮረብታ፣ ሐሙስ ተራራ።

እማማ፦ ልጅ ሲያድግ ጉልበት ያወጣል።

ሽቦ፦ ማሽኑ አላደገም እማማ። አወዳደቁ ነው ያደገው።

እማማ፦ እንግዲህ እኔ በተራራ ምን አገባኝ።

ሽቦ፦ ፍራሹስ እንዴት ተተረተረ?

እማማ፦ አርጅቶ።

ሽቦ፦ አዲስ ነው እኮ።

እማማ፦ የዘንድሮ ዕቃ ሲገዛ ነው የሚያረጀው።

ሽቦ፦ በአንድ በኩል ብቻ?

እማማ፦ በዚያ በኩል ነው የምተኛው።

ሽቦ፦ በግርጌ በኩል?

እማማ፦ እየተገላበጥኩ ነው የምተኛው።

[ሽቦ የፍራሹን ግርጌና ራስጌ በዓይኗ ለካች። እማማ አስተያየቷን አልወደዱትም። ነገር ሲጠብባቸው እንደሚያደርጉት ክሱን ወደ ከሳሿ መለሱት።]

እማማ፦ እኔን ከምትመረምሪ ራስሽን ጠይቂ። ዓርብ ምነው ዘገየሽ? ሌላውን ጊዜ ላብሽ ጠብ እስኪል ሮጠሽ ትመጪያለሽ፤ ዓርብ ዳቦ ገዝተሽ እየተንቀባረርሽ ገባሽ። አያትሽ ወደቀች ተብሎ ዳቦ ቤት ይገባል?

ሽቦ፦ አልወደቁም እኮ።

እማማ፦ ምን ታውቂያለሽ፣ ወድቄ ቢሆንስ?

ሽቦ፦ ወድቀው ነበር?

እማማ፦ አልወደቅኩም።

ሽቦ፦ ታዲያ?

እማማ፦ ታዲያማ አልወደቅኩም ማለት ዳቦ ይገዛል ማለት አይደለም።

ሽቦ፦ በቃ እማማ። ለአማካሪዬ እጽፍለታለሁ። ማሽኑ ይዋሻል፣ ነገ አላቀርብም ብዬ።

[ጣቷን የኮምፒውተሩ ገበታ ላይ አሳረፈች። እማማ መጀመሪያ የተኮሳተረ ፊቷን፣ ቀጥሎ ጣቷን አዩ። ልጅቱ ትንሽ ሳለች ያቺን ጣት ይዘው ነበር መንገድ የሚያሻግሯት።]

እማማ፦ ቆይ፣ አትጻፊ። ማሽኑ አልዋሸም።

ሽቦ፦ እንግዲያው ወድቀዋል?

እማማ፦ አልወደቅኩም።

ሽቦ፦ ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ እርስዎ።

እማማ፦ ለምን ታጋጪናለሽ? እኔና እሱ ጠብ የለንም።

ሽቦ፦ እማማ።

እማማ፦ መውደቅ ማለት ምንድነው? ሰው ሳይፈልግ ወደ ታች ሲሄድ ነው። ፈልጎ ከሄደስ ምን ይባላል? እስቲ እሱን መጽሐፍሽ ላይ ፈልጊልኝ።

ሽቦ፦ ፈልጎ?

[እማማ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። የሚሰፋው ገና አላለቀም ነበር።]

እማማ፦ ሰኞ ዕለት ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ዘጭ አልኩ። ደክሞኝ ነው፣ ተንኮል የለበትም። ይኼ ዕቃ ጮኸ። ጀበናው... ምን ጀበናው፣ የጣድኩት ውሃ ሳይፈላ አንቺ በሩ ላይ። ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን ምሳ በላን። ማክሰኞ ቤቱ ጭር አለብኝ። እስቲ ዘጭ ልበል አልኩ። ዝም አለ። ደገምኩለት፤ ዝም። ይቺ ልጅ ጆሮውን ደፍናዋለች ብዬ ያቺ የእንጨት መቀመጫዬ፣ ዱካዋ ላይ ወጥቼ...

ሽቦ፦ ዱካ ላይ ወጡ?

እማማ፦ ግድግዳ ይዤ ነው። ሐሙስ ግን ዱካዋ አልበቃችም።

ሽቦ፦ ሐሙስ ከምን ላይ ወረዱ?

እማማ፦ እሱን ተይው።

ሽቦ፦ እማማ።

እማማ፦ ከሳጥኑ ላይ።

ሽቦ፦ ከልብስ ሳጥኑ?

እማማ፦ ፍራሽ ነበር እኮ። ወጣቶቹስ ስፖንጅ ላይ አይደል የወደቁት? እኔ እንዲያውም አበል አልጠየቅኩም።

[ሽቦ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እማማ ልታለቅስ መሰላቸው።]

እማማ፦ ይኸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለአስተማሪዎቹ ማሽኑ እውነተኛ ነው፣ ውሸታሟ አያቴ ናት በያቸው። ከፈለጉ እፈርማለሁ። ፊርማዬ ትንሽ ቢንጋደድም ይነበባል።

ሽቦ፦ ይድገሙልኝ።

እማማ፦ አንዴ መዋረድ አይበቃም?

ሽቦ፦ ፈልገው ነው የወደቁት። ስለናፈቅኩዎት።

እማማ፦ ናፈቅሽኝ አላልኩም። ቤቱ ጭር አለ ነው ያልኩት።

ሽቦ፦ እሱ ይበቃኛል።

[የልጅቱ ሳቅ አመለጣት። ለካ ስትንቀጠቀጥ የቆየችው በሳቅ ነው። ኮምፒውተሩን ወደ እማማ አዞረችው።]

ሽቦ፦ ያንብቡልኝ።

[እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። እንደ ጥንቱ፣ እንደ ክፍሉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።]

እማማ፦ ሄ...ዱ። ሄዱ። ወደቁ። ና...ፈ...ቁ። ናፈቁ? ይኼ ደግሞ ምንድነው?

ሽቦ፦ ማሽኑ የሚለያቸው ነገሮች ናቸው። ሦስተኛዋን ከሐሙስ ጀምሮ እያስተማርኩት ነው።

እማማ፦ ከሐሙስ? ዓርብ እያወቅሽ ነው የመጣሽው?

ሽቦ፦ ዳቦ የገዛሁት ለዚያ ነው። ሳጥኑን ግን አላወቅኩም፤ አልጋው ላይ ዘፍ የሚሉ ነው የመሰለኝ። ሳጥኑን ባውቅ በአምቡላንስ ነበር የምመጣው።

[እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ በዚህች ልጅ ብቻቸውን ሲስቁ ነበር፤ ኮሌጅ ገብታም በአንዲት ዱካ ትታለላለች እያሉ። አሁን ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋቸው።]

እማማ፦ በምን አወቅሽ?

ሽቦ፦ የሚወድቅ ሰው ከመውደቁ በፊት ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ ቆሞ፣ ትንፋሽ አይሰበስብም። ከወደቀ በኋላም ብድግ ብሎ ሻይ አይጥድም። አንባሩ እርምጃዎንም ይመዘግባል። መጀመሪያ ወደ ምድጃው፣ ከዚያ ወደ በሩ ይሄዳሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ እጅዎ ዝም ይላል። እኔ እስክመጣ ድረስ ዝም።

[እማማ በሩ ላይ መቆማቸውን የሚያይ ያለ አልመሰላቸውም ነበር።]

እማማ፦ ካወቅሽ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ይጥሉኛል፣ እደግማለሁ እያልሽ ለምን ታስፈራሪኛለሽ?

ሽቦ፦ እውነቴን ነው፤ ይጥሉኝ ነበር። አንባሩን ያሰረው ሰው በአፉ የሆነውን ካልተናገረ የእኔ ግምት እንጂ መረጃ አይባልም። በየቀኑ ጠየቅኩዎት፤ መልስዎ አልወደቅኩም ብቻ ነው።

እማማ፦ አንቺስ ናፍቄዎት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል?

ሽቦ፦ ብጠይቅዎት አዎ ይሉኝ ነበር?

እማማ፦ አልልም።

ሽቦ፦ ይኸው።

እማማ፦ ነገ ስሜን ታነቢዋለሽ?

ሽቦ፦ ስም አይጻፍም። "ለባሽ አንድ" ነው የሚለው።

እማማ፦ ለባሽ አንድ። ራቁቴን ካስቀረሽኝ በኋላ ለባሽ አልሽኝ። ለመሆኑ ከእንግዲህ ብወረወር አይደውልልሽም ማለት ነው?

ሽቦ፦ እውነተኛውን መውደቅ ለይቶ ይደውላል። ለውርወራው አይደውልም። በሩ ላይ ቢቆሙ ግን ይደውላል።

እማማ፦ ዝም ብዬ ብቆም?

ሽቦ፦ ዝም ብለው ቢቆሙ።

እማማ፦ እንግዲያው ጎኔን ያደቀቅኩት በከንቱ ነዋ።

[ሽቦ እየሳቀች የሰማችውን ሁሉ መዘገበች፤ እማማም "ጭር አለ" የሚለው በትክክል መጻፉን በጣታቸው ተከትለው አረጋገጡ። ከዚያ ልጅቱ ኮምፒውተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለነገ ልትዘጋጅ ወደ ማደሪያዋ መመለስ አለባት። ጉንጫቸውን ስማ ወጣች። እማማ በሩ ላይ ቆሙ። የግቢውን በር ገና ሳትነካው ስልኳ ጮኸ። አውጥታ አየችውና ዘወር አለች።]

ሽቦ፦ እማማ፣ ገና ግቢውን አልወጣሁም እኮ።

እማማ፦ ምን አደረግኩ? ቆምኩ እንጂ።

ሽቦ፦ ሦስተኛዋን ነው የሚለኝ።

እማማ፦ ተሳስቷል። አለዝቢው።

ሽቦ፦ ይቺን አላለዝባትም።

[ቦርሳዋን ከትከሻዋ እያወረደች ተመለሰች። በሚቀጥለው አውቶቡስ ብትሄድም ትደርሳለች። እማማ አስቀድመው አስገቧትና በሩን ገርበብ አደረጉት። ከዚያ ልጅቱ እንዳትሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይኼን ወደምታነቡት ወደ እናንተ ዞሩ።]

እማማ፦ ከእናንተ መካከል ነገ ከሚፈትኗት አስተማሪዎች አንዱን የሚያውቅ ካለ ይቺን መልእክት ያድርስልኝ። ልጅቱን እንደ ልባቸው ይጠይቋት፤ ታውቀዋለች። ሦስተኛዋ ቃል ላይ ሲደርሱም መሳቅ ካማራቸው ይሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ለባሽ አንድ ማን ናት ብለው ግን እንዳይጠይቁ። ከጠየቁም እሺ፣ አያቷ ናት ትበላቸው። የሳጥኑን ነገር ብቻ አደራ፣ እናንተም አታንሱብኝ።